«ጎት»፣ «ሌቭል ፎር»፣ «ሞዴል»፦ ለባለሙያ የምንሰጠው ስም ምን ይጠይቃል?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

  

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚታይበት ቤት ብትገቡ የሜሲ ደጋፊዎች «እሱ እኮ ጎት ነው!» ሲሉ ትሰማላችሁ። ቡሬ ላይ አንዲት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስትመሰገን «ሌቭል ፎር ናት» ይባልላታል። ከከተማ ወጥታችሁ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ብትቀመጡ ደግሞ «ሞዴል አርሶ አደራችን ይነሱና ተሞክሯቸውን ያካፍሉን» ይባላል። ሦስቱም ስሞች ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። ሦስቱም ከእኩዮቹ ልቆ የተገኘን ሰው ለመለየት ይነገራሉ።

ለምን በእንግሊዝኛ ተናገራችሁ ብለን ማንንም ልንወቅስ አልተነሣንም። ቃል ይዋሳል፤ ይለመዳል፤ የራስም ይሆናል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ሰውን «በሙያው አንደኛ» የምንለው ምን አይተን ነው? ስሙን ከሰጠነው በኋላስ ምን እንጠብቅበታለን?

ከቀላሉ እንጀምር። «ጎት» በእንግሊዝኛ «የምንጊዜም ታላቁ» ከሚለው ሐረግ መነሻ ፊደላት የተሠራ ምሕጻረ ቃል ነው። ቦክሰኛው ሙሐመድ አሊ ራሱን «ታላቁ» እያለ ይጠራ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ባለቤቱ ሎኒ አሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ስሙንና ምስሉን ለንግድ የሚያስተዳድር ድርጅት ስታቋቁም በእነዚህ አራት ፊደላት ሰየመችው። እ.ኤ.አ. በ2000 ራፐሩ ኤልኤል ኩል ጄ አንድ አልበሙን በዚሁ ስም አወጣ። በ2018 ደግሞ ሜሪያም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት መዘገበው። ይህ ትርጉም ከመለመዱ በፊት በአሜሪካ ስፖርት «ጎት» የሚባለው ቡድኑን ያስሸነፈ ተጫዋች ነበር። ቃሉ በእንግሊዝኛ ፍየል ማለትም ነው፤ ስለዚህ አንድ የገጠር አባት ይህን ሰምተው «ልጄ፣ ሰውን ፍየል ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ምስጋና የሆነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ይህ ስም የሚናገረው ደረጃን ብቻ ነው። ከእርሱ በላይ ሰው የለም ይላል፤ ሰውየው ምን እንደሠራና እንዴት እንደሠራው ግን አይነግረንም። «ሜሲ ነው ወይስ ሮናልዶ?» የሚለው ክርክር እስከ ሌሊት ቢቀጥል የማያልቀው፣ ሁለቱም ወገን የተስማማበት መለኪያ ስለሌለ ነው። ለጨዋታ ይህ ምንም አይደለም። ሰው ይዝናናበታል፤ ይበሻሸቅበታል። መልሱ ከማሳና ከደመወዝ ጋር ሲያያዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወደ «ሞዴል» የምንሄደው ለዚህ ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

«ሞዴል ገበሬ» የሚለው ስም በምዕራብ ጎጃም ገጠር ዛሬ ማንም የሚያውቀው ነው። እንዴት እንደመጣ ግን ወጣት አድማጮቻችን ላያውቁ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሥራ ጀመረ። ከመሪዎቹ አንዱ በስንዴ ምርምሩ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ኖርማን ቦርሎግ ነበር። የፕሮግራሙ ዘዴ ግልጽ ነበር። ገበሬው ከራሱ መሬት ግማሽ ሄክታር፣ በእኛ አነጋገር ሁለት ጥማድ ያህል፣ ይለያል። በዚያ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በተመከረው መጠን ይጠቀማል። ጎረቤቶቹም መጥተው ያዩታል። መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ይህን አሠራር አስፍቶ የአገሪቱ የግብርና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር አደረገው። በዚያው ሰሞን ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች 660 የተባለው የበቆሎ ዝርያ እንደ ጃቢ ጠህናንና ቡሬ ላሉት ወይና ደጋ አካባቢዎች የሚስማማ ስለነበር በሰፊው ተዘራ።

ከዚያ በኋላ በየቀበሌው ሦስት የግብርና ልማት ሠራተኞች ይመደቡ ጀመር፤ ገበሬው «ዲኤ» የሚላቸው ማለት ነው። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ተሠሩ። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ሲመጣ አንዱ ሞዴል አምስቱን እንዲያስከትል ታሰበ። በጤናው ዘርፍም የጤና ኤክስቴንሽን 16ቱን ፓኬጆች ተግባራዊ ያደረገ ቤተሰብ «ሞዴል ቤተሰብ» ተብሎ ተመረቀ።

እንግዲህ ልብ በሉ። «ሞዴል» የተባለው ሰው ሲመረጥ የታሰበው እንዲታይና እንዲቀዳ ነው። ሜዳሊያ አንገቱ ላይ የሚጠለቀው ለክብሩ ቢሆንም፣ ስሙ ራሱ ሥራ ሰጥቶታል። ማሳውን ለጎረቤት መክፈት፣ የሠራውን መናገር፣ ያልተሳካለትንም አለመደበቅ የስሙ ግዴታ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ስሙ ከዚህ ሥራ ሲነጠል ነው። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው፣ ማሳው ከመኪና መንገድ ዳር የሆነ፣ ማዳበሪያ ቀድሞ የሚደርሰው ገበሬ ብዙ ቢያመርት አያስገርምም። ዲኤውም ሊጎበኘው ይቀለዋል፤ ከወረዳ እንግዳ ሲመጣም የሚወሰደው ወደዚያው ማሳ ነው። እንዲህ እያለ ያው ሰው በየዓመቱ ይሸለማል። ከሸንተረሩ ጀርባ ያለችው በሬ የሌላት እማወራ ግን በተውሶ በሬና በወንፈል ጉልበት አርሳ፣ ከአነስተኛ መሬቷ የዓመት ቀለቧን ብታወጣ፣ «ሞዴል» የሚላት የለም። ከሁለቱ የማን ሙያ ይበልጣል? መልሱ ከጎተራው መጠን ብቻ አይገኝም። በእጁ የነበረውን ምን አደረገበት ብለን መጠየቅ አለብን።

ስለዚህ አድማጮች፣ በሞዴል ገበሬ ማሳ ላይ የመስክ ቀን ሲዘጋጅ እጅ አጨብጭባችሁ ብቻ አትመለሱ። ሙያውን ከግብአቱ ለይታችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ በቆሎ ይሁን። «አያ፣ መሬቱን ስንቴ አረስከው? የዘራኸው ዝናቡ ከጣለ ስንት ቀን ቆይቶ ነው? በረድፍና በረድፍ መካከል ስንት ተውክ?» ለበቆሎ በሰፊው የሚመከረው በረድፎች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ ረድፍ ውስጥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ገመድ ዘርግቶ መጠበቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። አረሙን መቼ አነሣው? ማዳበሪያውን በአንድ ጊዜ ሰጠው ወይስ ዩሪያውን ከፍሎ ቆየት ብሎ ጨመረበት? እነዚህ የሙያ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውን ማንም ገበሬ ወደ ቤቱ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ቀጥላችሁ ስለ ወጪው ጠይቁ። ዘሩና ማዳበሪያው ስንት አስወጣው? በብድር ነበር? በሬውስ የራሱ ነው ወይስ የተከራየው? ድቅል የበቆሎ ዘር በየዓመቱ መገዛት እንዳለበትም አትርሱ። ካመረቱት ላይ አስቀርተው በዓመቱ ቢዘሩት ሰብሉ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፤ ምርቱ ይቀንሳል። የምዕራብ ጎጃም አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ መሆኑም ይታወቃል። የአንዱ ማሳ በኖራ ታክሞ የሌላው ካልታከመ፣ ሁለቱ ገበሬዎች እኩል ቢደክሙም እኩል አያፍሱም። ይህን ያልጠየቀ ጎረቤት የሞዴሉን ዘር ብቻ ገዝቶ ይሄድና ሲከስር «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። በደሉ የእሱ አይደለም። ሙሉውን ነገር ሳይነግር «እንደ እኔ ሁኑ» ያለው ሰው ነው የበደለው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ደግሞ ወደ ቅኔ ቤት እንሂድ። ጎጃም የቅኔ አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ከሦስቱ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች፣ ከዋድላ፣ ከዋሸራና ከጎንጅ፣ ሁለቱ የጎጃም ናቸው። በዚያ ትምህርት ቤት ለባለሙያ ስም የሚሰጥበትን መንገድ ብንመረምር ለ«ሞዴል»ም ለ«ሌቭል ፎር»ም የሚሆን ትምህርት እናገኛለን።

የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከምትቋጨው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳላት ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እያለ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀን ቀን ከዛፍ ጥላ ወይም ከመቃብር ቤት ጥግ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ሲመሽ የቆጠረውን ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። ግሱ ከተሳሳተ፣ ዜማው ካልሞላ፣ ሰሙ ከወርቁ ጋር ካልገጠመ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይታረማል። ነገ ሌላ ቅኔ ይጠበቅበታል፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ የለም። ፈተናው በዓመት አንድ ቀን የሚመጣ አይደለም፤ በየማታው ነው።

«አስነጋሪ» የሚባለው ተማሪ ራሱ ከሌሎቹ ቀድሞ የተገኘ ነው። ስሙ ግን ብልጫውን ከመናገር ይልቅ ሥራውን ይናገራል፤ የታናናሾቹን ቅኔ ይሰማል፣ ያርማል። ቅኔን ጨርሶ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የገባ ሊቅ ደግሞ አራቱን ጉባኤያት፣ ማለትም ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን አጠናቆ ሲያውቅ «አራት ዓይና» ይባላል። ይህ ስም ከእነማን በላይ እንደሆነ አይናገርም። ምን ምን እንዳወቀ ይቆጥራል። አንዱ ጉባኤ የጎደለው ሊቅ ስሙን ቢወስደው የሚያውቁት ሰዎች አሉ፤ እነሱም ራሳቸው በዚያው መንገድ ያለፉ ናቸው። ተመርቆ የወጣውም ወንበር ተክሎ እንዲያስተምር ይጠበቅበታል።

ስሙ የሚሰጠው በሥራ ከሆነ ደግሞ ያልተጠበቀ ሰው ሊያገኘው ይችላል። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው የዓይን ብርሃናቸውን ያጡ ጎጃሜ ሴት ነበሩ። ቅኔን ከመምህር አባታቸው ተማሩ፤ ጽላሎ በተባለው ደብር ወንበሩን ይዘው የወንድ ተማሪዎችን ቅኔ አስተማሩ። የቅኔ መምህርነት ለሴት ባልተለመደበት ዘመን ተማሪው እግራቸው ሥር የተቀመጠው በይሉኝታ አይደለም፤ ቅኔው ከእሳቸው ዘንድ ስለነበረ ነው።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስሙ የሚሰጠው በሙያው በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው። ሁለተኛ፣ ስሙ ከፈተና በኋላ ይመጣል። ሦስተኛ፣ ስሙ ማስተማርን ያስከትላል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ይህን ሁሉ ጨምቀው ነው።

ታዲያ የኮሌጁ «ሌቭል ፎር»ስ? እሱ እንዲያውም ከሦስቱ የእንግሊዝኛ ስሞች ለቅኔ ቤቱ ሥርዓት ይበልጥ የቀረበው ነው። በቴክኒክና ሙያ እስከ ደረጃ አራት የሠለጠነ ወጣት የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳል፤ ተማሪዎቹ «ሲኦሲ» የሚሉት ማለት ነው። ፈተናው በጽሑፍም በተግባርም ነው፤ ቧንቧ የተማረ ቧንቧ ይገጥማል፣ ብየዳ የተማረ ይበይዳል። በቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቁ ወዲህ በአካባቢው የማሽን፣ የኤሌክትሪክና የምግብ ማቀነባበር ባለሙያ ተፈላጊነቱ እየታየ ነው። ቀጣሪ የደረጃ ወረቀት የሚጠይቀውም ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ግን በር ያስከፍታል እንጂ ማሽን አያስነሣም። ደረጃ አራትን የያዘ ሰው ሞተር ፊት ቆሞ እጁ ካልታዘዘው፣ ስሙ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይረሳል። ለወጣት አድማጮቻችን የምንመክረው ከምዘናው በፊትም በኋላም ከሚሠራ ሰው ጎን መቆምን ነው። ጋራዥም ሆነ ብየዳ ቤት፣ የተማራችሁትን በየቀኑ የሚያርምላችሁ ሰው ፈልጉ። ቅኔ ቤት አስነጋሪ ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

እስካሁን የራሳችንን አመስግነናል። አሁን ደግሞ የሚያሳፍረንን እንናገር። ሞዴሉ ገበሬ መሬቱን ያረሰው በማረሻ ነው። ማረሻውን፣ ወገሉን፣ ማጭዱን የሠራው ቀጥቃጩ ነው። እንጀራው የተጋገረበትን ምጣድ፣ ጠላው የተጠመቀበትን ጋን የሠራችው ሸክላ ሠሪዋ ናት። የለበሰውን ጋቢ የሠራው ሸማኔው ነው። እነዚህ ሰዎች ሙያቸው በየቀኑ የሚፈተን ነው፤ ማሰሮው እሳት ላይ ቢሰነጠቅ ወይም ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ቢታጠፍ ገዢው ተመልሶ አይመጣም። እኛ ግን ለእነዚህ ምን ስም ሰጠናቸው? የሙያቸውን ስም ስድብ አደረግነው። ቡዳ ናቸው አልን። ርስት እንዳይኖራቸው፣ ከእነሱም ጋር እንዳንጋባ ተከላከልን።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ዛሬም በአንዳንድ አካባቢ ከአፍ አልወጣም። ልጁ የአባቱን ቀጥቃጭነት ሲደብቅ፣ ልጅቱ የእናቷን ሸክላ ሠሪነት በትምህርት ቤት ላለመናገር ስትሸሽ፣ ሙያው የሚወርሰው አጥቶ ይሞታል። ስለዚህ «የአገር ቤት ስም ሁሉ ጥሩ፣ የውጭው ሁሉ መጥፎ» ብለን መናገር አንችልም። «ጎት» ማንንም አላዋረደም፤ የእኛው ቃል ግን ያዋረዳቸው ሰዎች በመካከላችን አሉ።

ሴቶቻችንም ላይ ሌላ ጉድለት አለ። በገጠራችን «ባለሙያ» ሲባል ብዙ ጊዜ ወጥ አሳምራ የምትሠራ፣ ጠላና አረቄ የምታውቅ ሴት ማለት ነው። ክብሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ያችው ሴት በርበሬውን ከመደቡ ጀምራ አፍልታ ተክላ፣ አርማ፣ ለቅማ፣ ቀይ ሲሆን አድርቃ ለገበያ ስታወጣው በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የባሏ ስም ነው። ሞዴል የሚባለው ቤቱ ነው፤ የሚሸለመው አባወራው። ሁለቱም የሠሩት ከሆነ ሁለቱም ይጠሩ።

አድማጮች፣ የዛሬውን ትምህርት ወደ ሥራ እንለውጠው። ሰውን በሙያው ስታመሰግኑ፣ ቃሉ እንግሊዝኛም ይሁን አማርኛ፣ ሦስት ነገር አስከትሉበት፦ ምን ሠራ? የት ተፈተነ? ማንን አስተማረ? «ጎበዝ አናጢ ነው» ከማለት «የቀበሌያችንን ትምህርት ቤት ጣሪያ የሠራ፣ አሥር ክረምት ያላፈሰሰ፣ ሁለት ልጆችን ለሙያው ያበቃ አናጢ ነው» ብትሉ፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው ማንን እንደሚጠራ ያውቃል፤ ወጣቱም ከማን ደጅ እንደሚቆም ያውቃል።

ዲኤዎችና የቀበሌ አመራሮች፣ ለእናንተም መልእክት አለን። በዘንድሮው የሞዴል ምርጫ ላይ መንገድ ዳር ያለውን ማሳ ብቻ አትዩ። ባላት ጥቂት መሬት ብዙ የሠራችውን እማወራ፣ ማረሻ የሚሠራውን ባለ እጅ፣ በርበሬ የምታለማውን ሚስት ከዝርዝሩ ውስጥ አስገቡ። የተመረጠውም ሰው ሽልማቱን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት ማሳው በየትኛው ቀን ለጎረቤት ክፍት እንደሚሆን ይናገር።

መምህራንም ተማሪዎቻችሁን በአካባቢያቸው ካሉ ባለሙያዎች አንዱን ጠይቀው እንዲመጡ አድርጉ፤ ሸማኔም ይሁን ወጌሻ፣ የቅኔ መምህርም ይሁን መካኒክ። ከማን እንደተማረ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ ዛሬ ማንን እንደሚያስተምር ጠይቀው ይጻፉ፤ በክፍልም ያንብቡት። ልጆቻችን ሜሲን እንደሚያውቁት ሁሉ በሰፈራቸው ያለውንም ባለ እጅ በስሙና በሥራው ይወቁት።

 

(የመውጫ ሙዚቃ)